ልጆቹ ጠግበው ይውላሉ፣ ግን አያድጉም። ምን ላብላቸው?

ልጅ አዋይዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ ልጅ አውላለሁ። እናቶች ጎሕ ሳይቀድ ለሥራ ሲወጡ ልጆቻቸውን ለእኔ ሰጥተው ይሄዳሉ፤ ሲመሽ መጥተው ይወስዳሉ። ትልቅ ድርጅት እንዳይመስላችሁ። አንድ ክፍል ቤት ነው። አንድ ምድጃ አለኝ። ፍሪጅ የለኝም። ውኃ ከጋራ ቧንቧ እንቀዳለን፣ ያውም ሲመጣ። አሁን የያዝኳቸው ሰባት ናቸው። ትንሹ ስምንት ወሩ ነው፤ ትልቋ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው።

ምሳቸውን የሚቋጥሩት እናቶቻቸው ናቸው። ለትንንሾቹ ጡጦ ሙሉ ቀጭን አጥሚት ይመጣል። ለትልልቆቹ ብስኩት፣ ሻይ በስኳር፣ ባስ ካለም ያ በከረጢት ታሽጎ የሚሸጠው ጨው ጨው የሚል ነገር። ልጆቹ ይበላሉ። ርቦኝ ብሎ የሚያለቅስ የለም። ጡጦው ባዶውን ይመለሳል።

ሰሞኑን የጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ እኔም ጋ ገቡ። ያንን ባለ ቀለም የክንድ መለኪያ አውጥተው ሁሉንም ለኩ፤ ቁመታቸውንም ለኩ። አንዱ ልጅ ቢጫው ላይ ወደቀ። ሁለቱ ደግሞ ቁመታቸው ከዕድሜያቸው ያነሰ ነው፣ ቀንጭረዋል አሉኝ። የከሳ ልጅ መች አጣሁ፣ አይቼ አውቃለሁ። እነዚህ ሁለቱ ግን ጉንጫቸው ሞላ ያለ ነው! ማታ ለእናቶቹ ስነግራቸው አንዷ «ልጄ ቤቱ ጠግቦ ነው የሚያድረው፤ ከተራበ እርስዎ ጋ ነው» ብላ ፊቷን አጠቆረችብኝ። ሌላዋ አለቀሰች።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። የጠገበ ልጅ እንዴት አያድግም? ደግሞስ በአንድ ምድጃ፣ በሌለ ገንዘብ፣ እናቶቹን ሳላስቀይም ምን ማድረግ እችላለሁ? አደራ፣ «ሥጋና ፍራፍሬ አብሊያቸው» ብላችሁ እንዳታልፉኝ። እሱን እኔም አላጣሁትም።

ነርስ ነኝ

እናቴ፣ ከቢጫው ልጅ ልጀምር፤ እሱ ወረፋ አይጠብቅም። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ የክንድ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቀይ ነው፣ ከባድ የምግብ እጥረት ማለት ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ያለው ቢጫ ነው። ልጁ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ይታይ። ሁለቱንም እግሮቹን በአውራ ጣት ጫን አድርገው ይዩ። ጣትዎ የነካበት ቦታ ጎድጉዶ ከቀረ፣ ወይም ልጁ ምግብ እምቢ ካለና ከዛለ፣ ቀጠሮ የለም፤ ያንኑ ቀን ይሂድ።

የቀነጨሩት ነገር ሌላ ነው። ክሳት በሳምንታት ውስጥ ሊመጣ ይችላል። መቀንጨር ግን ቀስ እያለ፣ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው ሥራውን የሚሠራው። ጉንጭ ላይ ላይታይ ይችላል። ክንድ መለኪያውም አያገኘውም፤ ቁመት ካልተለካ ማንም ልብ አይለውም። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 148 ሚሊዮን ያህሉ ቀንጭረው ነበር። የከሱት 45 ሚሊዮን ነበሩ። ስለዚህ ያቺ ፊቷን ያጠቆረችብዎ እናት አልዋሸችም። ልጇ ጠግቧል። ጥያቄው በምን ጠገበ ነው።

የሕጻን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ወደ 30 ግራም ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 240 ግራም ያህል ይይዛል፣ አንድ ኩባያ ገደማ። ከዚያ በላይ ቦታ የለም። በጡጦ ጫፍ እንዲያልፍ ተብሎ የቀጠነ አጥሚት ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። በአንድ ግራም 0.4 ካሎሪ ቢኖረው እንኳ አንድ ሆድ ሙሉ አጥሚት 100 ካሎሪ አይሞላም። ያው ዱቄት ወፍራም ገንፎ ሆኖ፣ በግራም 1 ካሎሪ ቢደርስ፣ ያው ሆድ 240 ያገኛል። ልጁ በሁለቱም እኩል ይጠግባል። በሁለቱም አያለቅስም።

አሁን ይቺን ይደምሩባት። ከ12 እስከ 23 ወር ያለ፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ከምግብ ብቻ በቀን 550 ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል። ጡት ያቆመ ከሆነ 900 ገደማ። ያ ባለ 8 ኪሎው ልጅ ጡት አቁሞ ያንን በቀጭን አጥሚት ላግኝ ቢል በቀን ዘጠኝ አሥር ጊዜ ሆዱን መሙላት አለበት። ማን ያበላዋል?

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም ማለት ይቻላል። ያጥብቁት። ማንኪያውን ዘንበል ሲያደርጉት የማይፈስ፣ ማንኪያው ላይ የሚቆም ይሁን። ጡጦውንም ያስቀሩት። ውኃ በሚቆራረጥበት ቤት የጡጦን ጫፍና አንገት በደንብ ማጠብ ጭንቅ ነው፤ የተቅማጥ መግቢያ ነው። ኩባያና ማንኪያ ይበቃል።

ሻዩን ግን ያስቁሙልኝ። ሻይ ውስጥ ያለው ነገር ሰውነት ከእህልና ከጥራጥሬ የሚያገኘውን አይረን፣ ደም የሚሠራበትን ማዕድን፣ ይይዝበታል። ልጅ ሲወለድ ይዞት የመጣው አይረን 6 ወር ገደማ ላይ ይመናመናል፤ ከዚያ በኋላ ከምግብ ነው የሚጠብቀው። አሜሪካኖቹ ባወጡት መመሪያ ከ7 እስከ 12 ወር ያለ ሕጻን በቀን 11 ሚሊ ግራም አይረን ያስፈልገዋል፣ ጎልማሳ ወንድ ደግሞ 8። አዎ፣ ሕጻኑ ከአባቱ ይበልጣል። ስኳር በሻይ ስንሰጠው ሆዱም ተያዘ፣ አይረኑም ቀረ።

የማታ ፈረቃ

እትዬ፣ እኔ ከእነዚያ እናቶች አንዷ ልሆን እችል ነበር። ልጄን የሚውልበት ቤት ጥዬው ነው የምሄደው። ብስኩት ለምን እንደምንቋጥር ልንገርዎት፣ ነርሷም ትስማ።

ብስኩት አይበላሽም። ቀኑን ሙሉ ሙቀት ውስጥ ቢቀመጥ ምንም አይሆንም። ልጁ እምቢ አይለውም። ጋዝ አይፈጅም። ከፈረቃ ስወጣ ሱቁ ክፍት ነው፣ ሌላው ሁሉ ተዘግቷል። በጥቂት በጥቂቱ ይሸጥልኛል። እንቁላልም አንድ አንድ እየተባለ ይሸጣል ትሉ ይሆናል። መቀቀያው ጋዝስ? ደግሞ ከረጢቱ ላይ የሚስቅ ሕጻን ተሥሏል፤ ቫይታሚን አለው ይላል። መርዝ ልስጠው ብላ የምትሰጥ እናት የለችም።

ጡትም ቢሆን እንደዚያው ነው። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ከምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይባላል። ጥሩ ነው። በስድስት ሳምንቷ ሥራ የተመለሰች ሴት እንዴት አድርጋ? ሕንድ ውስጥ ሞባይል ክሬሽስ የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የግንባታ ሠራተኛ እናቶች የሚሠሩበት ቦታ ድረስ ሄዶ የሕጻናት ማቆያ ሲያቋቁም ኖሯል። ሕጻኑ እናቱ አጠገብ ይውላል፣ ጡት ይጠባል፣ ይበላል። እኔ እንደዚያ ያለ ነገር ቢኖር ብስኩቱን ዛሬውኑ እተወው ነበር። ስለ ማንኪያና ጡጦ ስታወሩ ስለ ፈረቃም አውሩ።

ለዚያ ስምንት ወር ልጅ እናት ግን ይቺን ንገሩልኝ። ከመውጣቷ በፊት ታጥባው፣ እንደገባች ታጥባው፣ ሌሊቱንም አትከልክለው። አልባ ልትተው ከቻለች በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ይሁን። ፍሪጅ ከሌለ ከአራት ሰዓት በላይ አይቀመጥም፣ ቤቱ የሚሞቅ ከሆነም ከዚያ ባነሰ ጊዜ። እኔ ሌሊቱን በማጥባቴ ነው ጡቴ ያልደረቀው።

የሁለት ልጆች አባት

አታወሳስቡት። እንቁላል! ኢኳዶር ውስጥ ከ6 እስከ 9 ወር ለሆኑ ሕጻናት በቀን አንድ እንቁላል ለ6 ወር ሰጥተው መቀንጨር በ47 በመቶ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ነው። አንድ እንቁላል። በቃ።

ነርስ ነኝ

ወንድሜ፣ ጥናቱ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ማላዊ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ተሞክሮ በቁመት ላይ ልዩነት አላመጣም። እዚያ ያሉት ሕጻናት ሐይቅ አጠገብ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ድሮም ዓሣ ይቀምሱ ነበር። እንቁላል ክፍተት ባለበት ክፍተት ይሞላል፤ ተአምር አይደለም። የእትዬ ልጆች ግን ብስኩትና አጥሚት ላይ ናቸውና ክፍተቱ አላቸው። ከተገኘ ይስጡ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 23 ወር ያሉ ልጆች ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል በየቀኑ ያግኙ ይላል። ስኳር ያላቸው መጠጦችን ጨርሶ አይስጡ ይላል።

«የማታ ፈረቃ»፣ ያልሽው ገብቶኛል። ማንንም አልወቀስኩም።

ጡረተኛ ወጥ ቤት

እህቴ ልጅ አዋይ፣ እኔ ሕጻናት ማቆያ ውስጥ ምግብ ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ነርሷ ያጥብቁት አለች። ልክ ናት። ግን ወፍራም ገንፎ ለስምንት ወር ልጅ ሲሰጡት ምን እንደሚያደርግ አይታለች? ይተፋዋል! ጉሮሮው ላይ ይለጠፍበታል። ሞግዚቷም ትሰለችና ውኃ ትጨምርበታለች፣ ተመልሶ እዚያው አጥሚት ይሆናል።

መላው ብቅል ነው። እህሉን አንድ ሌሊት ይዘፍዝፉ። ውኃውን ያፍስሱና በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ሁለት ሦስት ቀን ያብቅሉ። ሻጋታ ካዩበት ሳያቅማሙ ይድፉት። በፀሐይ ያድርቁ፣ ቡቃያውንና ሥሩን አሽተው ያራግፉ፣ ከዚያ ያስፈጩ። ወፍራሙ ገንፎ ከበሰለ በኋላ በረድ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ከዚህ ዱቄት ጨምረው ያማስሉ። ዓይንዎ እያየ ይላላል። ውኃ አልጨመሩም፣ ዱቄቱም አልቀነሰም፣ ግን ልጁ የሚውጠው ሆነ። ከዚያ መልሰው ያፍሉት፤ ጥሬ ብቅል እንዳይበላ። በጣም ትኩስ ላይ ከጨመሩት አይሠራም፣ ይሄን ልብ ይበሉ።

ሁለተኛው ነገር ጥራጥሬ ነው። ምስር፣ አተር፣ ባቄላ፣ የተገኘው። ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያደረ ባቄላ ቶሎ ይበስላል፤ ጋዝ ይቆጥብልዎታል። በአንድ ድስት ይቀቅሉት፣ ለትንንሾቹ በደንብ ይጨፍልቁት፣ ለትልልቆቹ እንዳለ። ከገንፎው ጋር ይቀላቅሉ። ካሮት ወይም ዱባ ወይም አረንጓዴ ቅጠል እዚያው ድስት ውስጥ ይግባ፣ ሌላ ምድጃ አያስፈልግም። ጠብታ ሎሚ ጣል ያድርጉበት፤ ሰውነት አይረኑን እንዲወስድ ይረዳል። ለውዝ ካለ አስፈጭተው ወይም አድቅቀው ብቻ ይጨምሩ። ፍሬውን እንዳለ ለሕጻን አይስጡ፣ ያንቃል።

ዘይት ትንሽ ጠብ ማድረግ ይቻላል። አንድ የሻይ ማንኪያ 40 ካሎሪ አለው። ግን በዘይት ብቻ ላሳድግ ብለው እንዳያበዙት፤ ካሎሪ እንጂ ሌላ ብዙ ነገር አይሰጥም።

ገንዘቡን በተመለከተ የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ብስኩቱን አይከልክሏቸው። «የብስኩቱን ገንዘብ ለእኔ ስጡኝ» ይበሏቸው። ሰባት እናት ለየብቻ የምታወጣው ተሰብስቦ ስንት ኪሎ ጥራጥሬ እንደሚገዛ ሒሳቡን ያሳዩአቸው። አንድ ድስት ለሰባት ልጅ ሲበስል ጋዙም ለሰባት ይካፈላል። እኔ ባለሥልጣን ብሆን ለእንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች ጋዝና ጥራጥሬ እሰጥ ነበር እንጂ ፖስተር አልለጥፍም ነበር። ፖስተሩ ላይ ሁልጊዜ ብርቱካን አለ።

ተጠራጣሪው

ይሄ ሁሉ ምግብ ምግብ የምትሉት ቦይ ከበሩ ሥር ባለበት ሰፈር ነው። ልጁ በየሳምንቱ ያስቀምጠዋል። የበላው ሁሉ ይወጣል። መጀመሪያ ፍሳሹን አስተካክሉ። ከዚያ ስለ ብቅል እናወራለን።

ነርስ ነኝ

ቦዩን የሚያስተካክለው ማዘጋጃ ቤት ነው፣ ልጁ ደግሞ ዛሬ ምሳ ይበላል። ነገሩም እንዳልከው ቀላል አልሆነም። ባንግላዴሽ፣ ኬንያና ዚምባብዌ ውስጥ ለቤተሰቦች መጸዳጃ፣ የእጅ መታጠቢያና የውኃ ማከሚያ ተሰጥቶ ተሞክሯል። በቁመት ላይ ለውጥ አላመጣም። ምግብ ላይ የሠሩት ትንሽም ቢሆን ለውጥ አዩ። ጥናቶቹ ገጠር ውስጥ ነበሩ፣ ከተማው ሊለይ ይችላል። የተሰጠውም ለቤተሰብ የሚሆን ነገር እንጂ ቦይ አልነበረም። ቦዩ ይስተካከል ብለህ ብትጮህ አብሬህ እጮኻለሁ።

ተቅማጥ ሲይዛቸው ግን ምግብ አይከልከሉ። ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጠው ዱቄት) እና ዚንክ ነው፤ ዚንኩ ከ10 እስከ 14 ቀን ይቀጥላል፣ ተቅማጡ ቢቆምም። መጠኑን ጤና ጣቢያው ይነግራችኋል። ጡቱም ይቀጥል። ልጁ ሲሻለው ጥቂት ቀን አንድ ተጨማሪ ማዕድ ይስጡት፣ የጎደለውን ይመልሳል። የበሰለ ምግብም ፍሪጅ በሌለበት ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። ጠዋት ተሠርቶ በጡጦ የመጣው አጥሚት ምሳ ሰዓት ላይ ሲደርስ ስንት ሰዓት እንደሆነው ያስቡት።

ልጅ አዋይዋ

ሁላችሁም ተባረኩ። ያነበብኩትን ለእናቶቹ ማታ ማታ በር ላይ እያስቆምኩ ነገርኳቸው። ሰባት እናት አንድ ላይ መሰብሰብ አይታሰብም፤ የአንዷ ፈረቃ ሲያልቅ የሌላዋ ይጀምራል።

ቢጫው ልጅ ጤና ጣቢያ ሄዷል። እግሩ አላበጠም። ተመዝግቧል፣ የሚበላው ነገርም ሰጥተውታል፣ ቀጠሮ አለው።

የብስኩቱን ገንዘብ ነገር አምስቱ እሺ አሉኝ። አንዷ ልጄ ያለ ብስኩት አይበላም አለች፤ ይዛ ትምጣ፣ ምሳውን ከበላ በኋላ እሰጠዋለሁ ብያታለሁ። ያቺ ያጠቆረችብኝ ደግሞ ገንዘብ አልሰጥም፣ ምስር አመጣለሁ አለች። ይሻላል እንጂ ምን ይከፋል! ደግሞ ልጆች ሲያዩ ይማራሉ፤ ስድስቱ ከአንድ ድስት ሲበሉ ሰባተኛው ብስኩቱን ጥሎ መጥቶ ማንኪያ ሲነጥቅ አይቻለሁ።

ሻይ ቆሟል። ትልቋ ልጅ ሁለት ቀን ተቀይማኝ ነበር፣ አሁን ረስታዋለች። ጡጦውን ግን የስምንት ወሩ ልጅ እናት እምቢ ብላለች። በኩባያ ስሰጠው ግማሹን ደረቱ ላይ ያፈሰዋል፤ እሷ ደግሞ የፈሰሰውን አይታ ልጄ ይራብብኛል ትላለች። ማንኪያ እያለማመድኩት ነው። ምላሱን እያወጣ ይገፋዋል። መታገሥ ነው። ቁጭ ብዬ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ሳበላው ይሻላል፤ ሰባት ልጅ ይዞ ቁጭ ማለት ከተገኘ። ትልቋን ለትንንሾቹ ማንኪያ አቀባይ አድርጌያታለሁ፣ ደስ ብሏታል።

ብቅሉ ተዘፍዝፏል። ሁለት ነገር ልጠይቅና ላብቃ። ባቄላው የተዘፈዘፈበትን ውኃ ልቀቅልበት ወይስ ልድፋው? ውኃ ብርቅ ስለሆነ ነው። ደግሞ ለስምንት ወሩ ልጅ በቀን ስንት ጊዜ ልስጠው?

ጡረተኛ ወጥ ቤት

ይድፉት። ሆድ የሚነፋው ነገር አብሮት ይሄዳል። መጸዳጃ ቤት ያፍስሱበት፣ አይባክንም። መቀቀያው ግን ንጹሕ ውኃ ይሁን፤ የተቀቀለበትንም አይድፉት፣ ገንፎውን ያቡኩበት።

ነርስ ነኝ

ጡት የሚጠባ ከሆነ ከ6 እስከ 8 ወር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። 9 ወር ሲሞላው ሦስት አራት ጊዜ ያድርጉት፣ መሐል ላይ አንዴ ሁለቴ መክሰስ ይጨምሩ። እናቱ ማታ የምታበላውም ከዚህ ውስጥ ነው የሚቆጠረው፤ ስለዚህ እርስዎ ጋ ምን ያህል እንደበላ ሲወስዱት ይንገሯት። ለዚህኛው የባቄላውን ልጣጭ ያውጡለት። ቁመታቸው ያጠሩትን ሁለቱንም በየወሩ ወደ ክትትል ይላኩልኝ፤ ክንድ ብቻ ለክተው ከመለሷቸው ቁመትም ይለካ ብለው ይጠይቁ።